ባሌስትራ ሲጨመር ፍሬን ይታለላል

ሾፌሩ ችግሩን ባጭሩ ነው የተናገረው። «ባዶዋን ስነዳት ጅራቷ ይዞርብኛል።»

ያለነው ጅማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሚኒባሷ ጉድጓዱ ላይ ቆማለች። ጅማ አጋሮ የምትመላለስ ሃይ ኤስ ናት። ጠዋት ተሳፋሪ ሳትጭን ስትሄድ አንድ ባጃጅ ድንገት ፊቷ ገባ። ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ። ፊቷ ባለበት ያዘ፣ ኋላዋ ግን ወደ ግራ ተንሸራቶ መንገዱን ዘጋው። ማንም አልተነካም። እሱ ግን ሻይ ይዞ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የጋራዡ ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሾፌሮቹ ሁሉ ጋሼ ነው የሚሏቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው በባትሪ ሲያበሩ ቆዩና «ና ወንድሜ፣ አንተም እየው» አሉኝ። ወረድኩ። የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዲፈረንሻል በላይ፣ አካሉን በተሸከመው የብረት አጥንት፣ ሻንሲው ላይ የተበየደ በሚመስል ማቀፊያ የታሰረች ትንሽ ብረት አሳዩኝ። የፍሬን ቱቦዎች ገብተውባት ይወጣሉ። ከጎኗ አንዲት ክንድ ወጥታለች። ከክንዷ ደግሞ ቀጭን ዘንግ ወርዶ ዲፈረንሻሉ ላይ መያያዝ ነበረበት። ዘንጉ ግን የለም። ክንዷ ወደ ላይ ተስባ በሽቦ ታስራለች። ሽቦው ዝጓል። የታሰረው ትናንት አይደለም።

ያቺ ብረት የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ ናት። ብዙ ሰው ስሟንም መኖሯንም አያውቅም። እኔ ግን መንገዳችን ላይ ከሚሄዱት አሮጌ መኪኖች ውስጥ የቱ በሰላም ይቆማል፣ የቱ ይገለበጣል የሚለውን ከሚወስኑት ዕቃዎች አንዷ እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ነው ዛሬ ሰፋ አድርጌ የምጽፍላችሁ።

ስለ ፍሬን ስናወራ ሁልጊዜ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይይዛል ወይ?» ጥያቄው ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የትኛው ጎማ ስንት ይያዝ የሚለው ነው። አራቱም ጎማ እኩል ቢይዝ ጥሩ ይመስላል። እንዲያውም አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ምን እንደሚሆን አስታውሱ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ረዳቱ የበሩን እጀታ ይጨብጣል። ከመቀመጫ ስር ያለው ዘንቢል ተንሸራቶ ፊት ይደርሳል። የመኪናውም አፍንጫ ይደፋል፣ ቂጡ ብድግ ይላል። ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሸሻል ማለት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና አለን እንበል። ቆሞ ሳለ ፊቱ 550 ኪሎ፣ ኋላው 450 ኪሎ ይሸከማል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2.5 ሜትር ነው። የክብደቱ መሃል ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ደረቅ አስፋልት ላይ በኃይል ፍሬን ስንይዝ 176 ኪሎ የሚያህል ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። አሁን ፊቱ 726፣ ኋላው 274 ሆነ። መሬት የመጨበጥ አቅሙም በዚያው ልክ ነው የሚከፋፈለው። ከመቶው ሰባ ሦስት እጁን የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው።

ይኸው መኪና ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ ሲሆንስ? እዚያ ያን ያህል መያዝ አይችልም፣ ጎማው ይንሸራተታል። ቀስ ብሎ ነው የሚቆመው። ስለዚህ የሚዛወረው ክብደትም ያንሳል፣ 66 ኪሎ ገደማ ነው። ፊቱ 616፣ ኋላው 384 ይሆናል። ስድሳ ሁለት ለሠላሳ ስምንት መሆኑ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር፣ ግን ትክክለኛው ክፍፍል እንደ አያያዙ ይለዋወጣል። ፋብሪካው አንድ ልክ ቆርጦ ቢልክ በአንዱ ቀን ልክ ሆኖ በሌላው ቀን ይሳሳታል።

ስህተቱ ደግሞ ወደየት እንዳደላ ትልቅ ነገር ነው። የፊት ጎማዎች ቀድመው ከተቆለፉ፣ ማለትም መኪናው ሳይቆም መዞር ካቆሙ፣ መሪው አይሰማም። መኪናው ቀጥ ብሎ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ያስፈራል፣ ግን አቅጣጫው ይታወቃል፣ ፔዳሉን ለቀቅ ስታደርጉት መሪው ይመለሳል። የኋላዎቹ ቀድመው ከተቆለፉ ነገሩ ሌላ ነው። የኋላ ጎማ ለመኪና እንደ ቀስት ላባ ነው። ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። የተቆለፈ ጎማ ወደ ጎን ምንም አይጨብጥም። ላባው እንደተነቀለ ቀስት ኋላው ወደ ፊት መምጣት ይፈልጋል። ከጀመረ በኋላ የሚመልሰው ሾፌር ጥቂት ነው። ጭቃ ላይ የእጅ ፍሬን ስቦ መኪና ያዞረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

በዚህ የተነሳ በዓለም ደረጃ የተያዘ መርህ አለ፦ መቆለፍ ካልቀረ ፊቱ ይቅደም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 13 ኤች ለቤት መኪና ይህንኑ ይጠይቃል። ከለስላሳው አያያዝ አንስቶ እስከ ከባዱ ድረስ፣ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ወደ መንሸራተት እንዳይደርስ ነው የሚያዘው።

ቫልቯ የመጣችው ይህን ለማስጠበቅ ነው። ውስጧ ሲታይ ብዙ የተወሳሰበ ነገር የለም። ትንሽ ፒስተን እና ሞላ ነው ያላት። የፒስተኑ ሁለት ጫፎች እኩል አይደሉም፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚያየው ሰፋ ይላል። ፔዳሉን በቀስታ ስንረግጥ ሞላው ፒስተኑን ገፍቶ መተላለፊያውን ክፍት ያደርገዋል። የፍሬን ዘይቱ እንደልቡ ያልፋል። ፊትና ኋላ እኩል ግፊት ያገኛሉ። ግፊቱ የተወሰነ ልክ ላይ ሲደርስ ግን ሰፊው ጫፍ ላይ ያረፈው ኃይል ሞላውን ያሸንፈዋል። ፒስተኑ ተንቀሳቅሶ መተላለፊያውን ይዘጋል። እግራችንን አጠንክረን ስንሄድ ጥቂት ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። በዚህ ዓይነት ለኋላው እየቆነጠረ ይሰጣል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ባር የግፊት መለኪያ ነው። መቆንጠጥ የምትጀምረው 30 ባር ላይ ነው፣ ከዚያ በላይ ካለው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ታሳልፋለች እንበል። ሾፌሩ ደንግጦ በኃይል ሲረግጥ ፊቱ 90 ባር አገኘ። ኋላው 30 እና ከተረፈው 60 ላይ ሲሶውን፣ ማለትም 50 ባር ያገኛል። ለማነጻጸር ያህል፣ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ የምንሞላው አየር ከ2 ባር ብዙም አይርቅም። የፍሬን ቱቦ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሸከም ከዚህ መገመት ይቻላል።

የፊት ፍሬናቸው ዲስክ (ክፍት የብረት ሰሃን)፣ የኋላው ታምቡር (ዝግ ከበሮ) በሆኑ መኪኖች ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ታምቡር ሲዞር ከውስጥ የሚጫነውን የፍሬን ሸራ እየጎተተ ራሱ ያጣብቀዋል። በትንሽ ግፊት ብዙ ይይዛል። ቫልቯ ከሌለች ኋላው ቶሎ መቆለፉ አይቀርም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ቤት መኪና ነው። በቤት መኪና ባዶውና ሙሉው ብዙ አይራራቅም። ሚኒባስና ፒካፕ ግን ሌላ ዓለም ነው። ባዶዋ ሚኒባስ ፊቷ 900፣ ኋላዋ 800 ኪሎ ነው እንበል። አንድ ሺህ ኪሎ ሰውና ዕቃ ስንጭንባት ሦስት አራተኛው የሚያርፈው ኋላ ነው። አሁን ፊቷ 1,150፣ ኋላዋ 1,550 ሆነ። ለባዶዋ የሚስማማ ቆንጣጭ ቫልቭ ለሙሉዋ ስስታም ይሆናል። ያን ሁሉ ክብደት የተሸከሙት የኋላ ጎማዎች አቅም እያላቸው ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ፊቱ ብቻውን ይቃጠላል።

ለዚህ የተፈለሰፈው መላ ነው በጣም ደስ የሚለኝ። ቫልቯን ከሻንሲው ጋር አሰሩ። ከክንዷ ዘንግ አውርደው ከዲፈረንሻሉ ጋር አያያዙ። መኪናው ሲጫን አካሉ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ዲፈረንሻሉ ግን ጎማው ላይ ነውና ባለበት ይቀራል። ዘንጉ ክንዷን ወደ ላይ ይገፋል። ቫልቯም «ተጭነናል» ብላ ለኋላው ግፊት ትለቃለች። ተሳፋሪው ሲወርድ አካሉ ይነሳል፣ ክንዷ ትወርዳለች፣ ቫልቯም መቆንጠጥ ትጀምራለች። ኤሌክትሪክ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። መኪናው ምን ያህል እንደሰመጠ በማየት ብቻ ክብደት ትመዝናለች። የፊቱ ቱቦ ከፈነዳ ቁንጠጣውን ትታ ለኋላው ሙሉ ግፊት የምትለቅም አለች።

አሁን ወደ ጋራዡ እንመለስ።

ጋሼ ሽቦውን አይተው ብቻ አልፈረዱም። ባትሪያቸውን የመኪናዋን ኋላ ወደሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ወደ ባሌስትራው አዞሩና ቅጠሎቹን ቆጠሩ። አንዷ ከሌሎቹ ወፈር ትላለች፣ ቀለሟም ይለያል። «ይቺ እንግዳ ናት» አሉ። ሾፌሩን ከላይ ጠሩት። «ባሌስትራ አስጨምረሃል?» እሱ አላስጨመረም። መኪናዋን የገዛው ከአንድ ቡና ከሚያመላልስ ሰው ነው። ሰውየው ወንበር አስወጥቶ ጆንያ ይጭንባት ነበር።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ራሱን አወጣ። የቀድሞው ባለቤት ጭነት ሲበዛ ኋላዋ ተጎነበሰ። መፍትሔ፦ አንድ ቅጠል ባሌስትራ። ቀጥ አለች። ግን ባሌስትራ ሲጨመር ጭነትም ይዛ አካሏ አይሰምጥም። ቫልቯ የምታውቀው መስመጥን ብቻ ነው። አንድ ቶን ጆንያ ላይዋ ላይ ተቆልሎ «ባዶ ነን» ብላ አመነች። የኋላውን ቆነጠጠች። ሰውየው ደግሞ ተጭኖ ሲነዳ ፍሬኑ የላላ መሰለው፣ የፊት ሸራ ቶሎ ቶሎ አለቀበት። ጋራዥ ሄደ። መፍትሔ፦ ዘንጉን ነቅሎ ክንዷን ወደ ላይ በሽቦ ማሰር። ከዚያ ወዲያ ቫልቯ ሁልጊዜ «ሙሉ ነን» ትላለች። ለጆንያው ተስማማ። ከዚያ መኪናዋ ተሸጠች፣ ወንበር ገባባት፣ ሰው ጭና መሄድ ጀመረች። አጋሮ አራግፋ ባዶዋን ስትመለስ ኋላዋ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ነው። አስፋልቱ ሲረጥብ ጅራቷ ዞረ።

እያንዳንዱ ጥገና በጊዜው ችግር ፈትቷል። ያስጠገነውም የጠገነውም ሞኝ አልነበረም። ነገር ግን አንዱ መፍትሔ ቀጣዩን ችግር እየወለደ፣ የመጨረሻውን ዕዳ የወረሰው ምንም የማያውቅ ሾፌር ሆነ። ደግነቱ ያን ጠዋት ተሳፋሪ አልነበረም። ግን ተሳፋሪ ባለመኖሩም ነው ጅራቷ የዞረው። ሙሉ ብትሆን ትቆም ነበር።

ጅማ ውስጥ ባሌስትራ ማስጨመር የተለመደ ነው። ጎርበጥባጣው መንገድ፣ የቡናው ወቅት፣ ፖርቶ መጋላ ላይ የሚከመረው ዕቃ ሁሉ ይጋብዘዋል። ማንም ባሌስትራ ሲያስጨምር ግን ስለ ፍሬን አያስብም። ባሌስትራ ሠሪውና ፍሬን ሠሪው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ቦታቸውም የተለያየ ነው። ቫልቯ የሁለቱም ናት። ስለዚህ የማንም አልሆነችም።

ያልታሰረችው፣ በባሌስትራ ብቻ የተታለለችው ቫልቭ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው የምትጎዳን፦ ቁልቁለት ላይ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፎ ከአበልቲ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል። ከዚያኛው ወገን የሚመጣውም ከወልቂጤ በኋላ ወደዚያው ጊቤ ይወርዳል። በሁለቱም በኩል ቁልቁለቱ ረጅም ነው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን ሚኒባስ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 36 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ እና ሌላ ጀሪካን ሊሞላ የቀረበ ማለት ነው። ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው፣ አብዛኛው ሙቀት የሚገባው ፍሬን ውስጥ ነው። አራት ጎማ ሊካፈለው የሚገባውን ሁለቱ የፊት ዲስኮች ብቻ ሲሸከሙት ሸራው ይሸታል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። ያኔ ነው «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ፍሬኑ ነድዶ ነው።

ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱንም ያገኘዋል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ጅማ ደግሞ የዝናብ አገር ናት። ያ እርጥበት የቫልቯን ፒስተን ከውስጥ ያዝጋል። የዛገ ፒስተን ባለበት ይደርቃል። ያኔ ሽቦም ሳይታሰር ታስሯል ማለት ነው። ዘይት በየሁለት ዓመቱ መቀየር ቅንጦት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የቫልቯን ዋጋ ሲሰሙ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ።

«ታዲያ ዓመታዊ ምርመራው አያገኘውም ወይ?» ይባል ይሆናል። እኔም ጋሼን ይህንኑ ጠይቄአቸው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። እስቲ አስቡት። ለቦሎ የሚሄድ መኪና ባዶውን ነው የሚሄደው። ጎማው የሚዞረው ተንከባላይ ብረት ላይ ነው። መኪናው ራሱ ቆሟል። መንገድ ላይ ሲቆም እንደሚሆነው ክብደቱ ወደ ፊት አይሸሽም። ማሽኑ እያንዳንዱ ጎማ ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል፣ ግራና ቀኙን ያስተያያል። ቫልቯ ወደ ላይ የታሰረችበት መኪና እዚያ ላይ የኋላ ፍሬኑ ጎበዝ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን ማግኘት የሚቻለው ጎንበስ ብሎ በማየት ነው። መርማሪው መኪናው ስር ሲገባ ዘንጉ አለ ወይ፣ ክንዷ በእጅ ትንቀሳቀሳለች ወይ፣ የባሌስትራው ቅጠል ቁጥር ከፋብሪካው ጋር ይገጥማል ወይ ብሎ ቢያይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መሣሪያም አያስፈልገውም። በየምርመራ ጣቢያው ይህ መጠየቅ አለበት ብዬ ነው የማምነው።

ይህን ነገር አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ውሳኔዎቹ ጥሩ ናቸው መጥፎ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለኛ ጉዳይ ግን ውጤታቸው ግልጽ ነው። ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። ተጠግኖ፣ ተሽጦ፣ እንደገና ተጠግኖ ይነዳል። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ታሪኩ አብሮ አያልፍም። ጅማ አጋሮ፣ ጅማ ሊሙ፣ ጅማ ቦንጋ የሚመላለሰው ሰው የሚሳፈረው በእነዚሁ መኪኖች ነው።

አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ይህች ቫልቭ የላቸውም። ሥራዋን የወሰደው ኮምፒውተር ነው። ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት ያለው መኪና በየጎማው ፍጥነት የሚያነብ መሣሪያ አለው። የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ማዝገም ከጀመረ፣ መቆለፍ ሳይደርስ የኋላውን ግፊት ያግደዋል። ይህ ኢቢዲ ይባላል። መኪናው ባዶ ይሁን ሙሉ፣ ባሌስትራ ይጨመርበት አይጨመርበት ግድ አይሰጠውም። የሚያየው ጎማውን ራሱን ነው። ከዘንጓ እጅግ የተሻለ ዘዴ ነው።

ግን እዚህም አንድ የተደበቀ ነገር አለ፣ ልብ በሉልኝ። የኤቢኤስ መብራት በርቶ የሚነዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። «ኤቢኤስ ድሮም አልነበረም፣ ያለ እሱም ይቆማል» ይላሉ። የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ከበራ ነገሩ ያን ያህል ላያስፈራ ይችላል፣ መሠራት ግን አለበት። የኤቢኤስ መብራትና ቀዩ የፍሬን መብራት አንድ ላይ ከበሩ ግን ማመጣጠኑም ሳይቆም አልቀረም። መኪናው ድሮ የነበራትን ቫልቭም የላትም፣ አሁን ያለው ኮምፒውተርም ተኝቷል። በኃይል ፍሬን ሲያዝ ኋላው ሊቆለፍ ይችላል። የአምራቾቹ መመሪያም በዚህ ጊዜ መኪናውን አቁማችሁ አሠሩ ነው የሚለው። ሁለቱን መብራት አብርታችሁ ወደ ጊቤ እንዳትወርዱ እለምናችኋለሁ።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ያስደንቃል። ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል፣ መኪናውን እያዘገመ ባትሪውን ይሞላል። ባለ አንድ ሞተሩ ቮልስዋገን አይዲ 4 ሞተሩ ኋላ ነው። ይህ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው ማለት ነው። እስካሁን ስንፈራው የቆየነው ነገር ነው። የሚያድነው ኮምፒውተሩ ነው፣ ኋላው ሸርተት ማለት ሲጀምር የሞተሩን ጉተታ ይቀንሰዋል። ባትሪው ወለሉ ላይ ስለተነጠፈም ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ወደ ፊት የሚሸሸው ያንሳል። የኋላ ፍሬኑ ደግሞ ታምቡር ነው። ዘመናዊ መኪና ላይ ታምቡር ሲያዩ ርካሽ ነገር የመሰላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ሞተሩ አብዛኛውን ሥራ ስለሚሠራ የኋላ ፍሬን ብዙ ቀን አይነካም። ታምቡር ደግሞ ዝግ ስለሆነ ዝናብና ጭቃ አያገኘውም።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ጉድጓድ ላይ ወጥታ ትታይ። ዘንጉ ካለ፣ ሰው ኋላዋ ላይ ወጥቶ ሲዘል ክንዷ ከፍ ዝቅ ማለት አለባት። ካልተንቀሳቀሰች ደርቃለች። ከታሰረች ትፈታ፣ ግን ፈትቶ ብቻ መተው ሌላ አደጋ ነው። ክንዷ ወድቃ ሁልጊዜ «ባዶ ነን» ስለምትል ዘንጉ መገኘት አለበት። የዘንጉ ርዝመት ልክ አለው፣ በግምት አይቆረጥም። ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና ላይ ዘንጉን በማርዘም ለማካካስ የሚሞክሩ ባለሙያዎች አሉ። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። የጠነከረ ባሌስትራ በተመሳሳይ ጭነት ድሮ የሚሰምጠውን ያህል አይሰምጥም። ዘንጉ ለአንዱ ጭነት ልክ ቢሆን ለሌላው ይሳሳታል። ሁለቱም ጋ ልክ የሚሆነው ባሌስትራው ወደ ጥንቱ ሲመለስ ነው።

ጎማም አለ። ብዙ ሰው አዲሱን ጥንድ ጎማ ፊት ያስገባና መላጣውን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ፋብሪካው ቫልቯን ሲያስተካክል አራቱም ጎማ እኩል ይጨብጣል ብሎ ነው። መላጣ ጎማ ኋላ ካለ፣ ጤነኛ ቫልቭ ያላትም መኪና ዝናብ ላይ ቀድማ የምትቆለፈው በኋላዋ ነው።

ሾፌሩ በመጨረሻ እንግዳዋን ቅጠል አስወጣት። «እኔ ጆንያ አልጭን» አለ። ዘንጉን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀበት። ጋሼ ልኩን በሜትር ለክተው ገጠሙት፣ ዘይቱን በሙሉ ቀይረው በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬን ቱቦዎቹ አየር አስወጡ። ሥራው ሲያልቅ ዝናቡ አባርቷል። ጋራዡ ጀርባ ሰው የማይመላለስበት ሰፊ የጠጠር ሜዳ አለ። ሾፌሩ ባዶዋን በዝግታ ነዳትና ጋሼ እጃቸውን ሲያነሱ ፔዳሉን ረገጠ። ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሼ ሄደው ጎንበስ አሉ፣ እኔም ተከተልኳቸው። እርጥቡ ጠጠር ላይ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ሁለት አጫጭር የተፋቁ መስመሮች ነበሩ። ከኋላ ጎማዎቹ ስር ጠጠሩ አልተነካም።